በጊሎ ወንዝ ዳር ፎቶግራፍ ያነሡት ሊቅ

ፕሮፌሰር ኤድዋርድ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በመስከረም ወር 1895 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ክሮውበሮ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። በኦክስፎርድ ታሪክ ከተማሩ በኋላ ወደ ሎንዶን ሄደው የሕዝቦችን ኑሮና ልማድ የሚመረምረውን ትምህርት፣ ይኸውም አንትሮፖሎጂ የሚባለውን፣ አጠኑ። ከዚያም ወደ ሱዳን ወርደው አስቀድሞ በአዛንዴ ሕዝብ፣ ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየጊዜው እየተመላለሱ በኑዌር ሕዝብ መካከል ተቀመጡ። ስለ ኑዌር የጻፉት መጽሐፍ በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ይነበባል። ስለዚህ ሥራቸው ብዙ ስለ ተባለ እኔ አልቆይበትም፤ የምቆየው ወደ እኛ በመጡበት ዘመን ላይ ነው።

ይህም በ1927 ዓ.ም. ነው። በጋው ሊያልቅ ሲል መጥተው ሁለት ወር ተኩል ያህል በአኝዋ ሕዝብ መካከል ሲዘዋወሩ፣ ድንበሩን ተሻግረው በጊሎ ወንዝ በኩል ተጓዙ። ጊሎ ዛሬ በወረዳችን በጎግ ፑኝዶን እየታከከ የሚወርደው ወንዝ ነው። ጣሊያን አገራችንን የወረረው ከዚያ ጥቂት ወራት በኋላ ስለሆነ፣ ያዩት ኑሮ ከጦርነቱ በፊት የነበረው ነው። የመንደር አለቆች እንዴት እንደሚሾሙና እንደሚሻሩ፣ መኳንንቱም ስለ ጨሌው የሹመት ሐብል እንዴት እንደሚፎካከሩ ጠየቁ፣ ጻፉም። መጽሐፉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940 ታተመ። በርእሱ ላይ የተጠቀሰው ሱዳን ብቻ ቢሆንም፣ ውስጡ በድንበሩ ግራና ቀኝ ያለውን አኝዋ ሁሉ ይመለከታል።

ከጽሑፉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ፎቶግራፉ ነው። በእነዚያ ዓመታት ይዘውት ይዞሩ የነበረው ካሜራ በጀርመን አገር የተሠራ ሮለይፍሌክስ ነበር። ይህ ካሜራ አንዱ ከሌላው በላይ የሆኑ ሁለት መነጽሮች አሉት፤ በላይኛው ያያሉ፣ በታችኛው ያነሣሉ። አንሺው ካሜራውን ከዓይኑ ላይ አያስጠጋም፤ በደረቱ ልክ ይዞ ከላይ ወደ ታች ይመለከታል እንጂ። በመስተዋቱ ላይ የሚታየውም ሥዕል ግራና ቀኙ የተለዋወጠ ነው። አንዱ ጥቅል ፊልም የሚበቃው ለ12 ሥዕል ብቻ ስለሆነ፣ ዛሬ በስልክ እንደምናደርገው ያገኙትን ሁሉ ማንሣት አይቻልም። ፊልሙም ጥቁርና ነጭ ነው። የፀሐዩን ብርቱነት በግምት መመዘን፣ ፊልሙን ከሙቀትና ከእርጥበት መጠበቅ፣ ታጥቦ እስኪታይ ድረስም ውጤቱን ሳያውቁ መቆየት ግድ ነበር። የጋምቤላን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል እንዳልሆነ ይረዳዋል። ሰዎቹን፣ ወጣቶቹን፣ ቤቶቹንና ግቢዎቹን እንዲህ አድርገው አነሡ።

ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ ወደዚሁ ስፍራ ተመለሱ፤ በዚህ ጊዜ ግን ጠመንጃ ይዘው ነበር። በ1933 ዓ.ም. ጥቂት የአኝዋ ተዋጊዎችን አስከትለው በአኮቦና በጊሎ ወንዞች አካባቢ የነበረውን የጣሊያን ጦር ወጉ። የሱዳንን የእንግሊዝ መንግሥት ማገልገላቸው እርግጥ ነው፤ የኑዌርንም ጥናት ገንዘብ በአብዛኛው የሰጠው ያው መንግሥት ነበር። ነገር ግን ሕዝቡን አስቀድመው ባያውቁት ኖሮ እነዚያ ሰዎች ይከተሏቸው ነበር ብዬ አላምንም።

በጦርነቱ ዘመን በሊቢያ ቤንጋዚ ሳሉ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበሉ። ከዚያም በኦክስፎርድ ለ24 ዓመት ፕሮፌሰር ሆነው አስተማሩ፤ በ1963 ዓ.ም. የሰርነት ማዕርግ ተሰጣቸው። ያረፉት መስከረም 1 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ አገር የእንቁጣጣሽ ዕለት መሆኑ ነው።

ፎቶግራፎቻቸው በኦክስፎርድ በፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛሉ፤ ሙዚየሙም ማንም እንዲያያቸው በኢንተርኔት አውጥቷቸዋል። የአንሺው ስም በሁሉም ላይ አለ። የተነሡት የአኝዋ ሰዎች ግን የብዙዎቹ ስም አልተጻፈም። ካሜራው ፊት የቆመው ጎረምሳ ዛሬ ቢኖር ከመቶ ዓመት በላይ ይሆነው ነበር፤ መልኩን አይተው የማን ልጅ እንደሆነ ሊናገሩ የሚችሉት ሽማግሌዎችም በየዓመቱ እያነሡ ናቸው።