ሉዊስ አርምስትሮንግና የተዘነጋው የልጅነት ሰፈሩ

በአሜሪካ የሉዊዚያና ግዛት የምትገኘው የኒው ኦርሊንስ ከተማ የጃዝ ሙዚቃ መፍለቂያ በመሆን በመላው ዓለም ትታወቃለች። ከተማዋ ካፈራቻቸው ሙዚቀኞች መካከል ዝናው ልቆ የወጣው ትራምፔት ተጫዋቹና ድምፃዊው ሉዊስ አርምስትሮንግ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የአውሮፕላን ማረፊያዋም እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በስሙ ይጠራል። ይሁን እንጂ አርምስትሮንግን ያሳደገው ሰፈር የስሙን ያህል ክብርና ጥበቃ ሳያገኝ ቀርቷል።

አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 1901 ጄን አሌይ በተባለች ጠባብ መንገድ ተወለደ። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ቤተሰቡን ጥሎ በመሄዱ በመጀመሪያ ከአያቱ፣ ኋላም ከእናቱ ጋር በሊበርቲና በፐርዲዶ ጎዳናዎች መገናኛ አካባቢ በድህነት አደገ። በልጅነቱም ካርኖፍስኪ ለተባሉ ከሊቱዌኒያ ለመጡ አይሁዳውያን በጋሪ የድንጋይ ከሰል እያዞረ በመሸጥ እናቱን ይረዳ ነበር። የመጀመሪያ ኮርኔቱን እንዲገዛ ያገዘውም ይኸው ቤተሰብ መሆኑን በኋላ በጻፈው ማስታወሻ ገልጿል።

እ.ኤ.አ. በ1912 የዘመን መለወጫ ዋዜማ ሽጉጥ ወደ ሰማይ በመተኮሱ ተይዞ ወደ ጥቁር ሕፃናት ማረሚያ ተላከ። በማረሚያው የሙዚቃ መምህር የነበረው ፒተር ዴቪስ ኮርኔት አስተማረው። ከዚያ ከወጣ በኋላ በታዋቂው ኮርኔት ተጫዋች ጆ ኦሊቨር እየታገዘ ሙያውን አዳበረ፤ በ1922ም በኦሊቨር ጥሪ ወደ ቺካጎ አመራ። ከ1925 እስከ 1928 ሆት ፋይቭና ሆት ሰቨን ከተባሉ ቡድኖቹ ጋር ያስቀረፃቸው ሥራዎችም በጋራ ጨዋታ ላይ ተመሥርቶ የቆየው ጃዝ ለነጠላ ተጫዋች የፈጠራ ችሎታ ሰፊ ስፍራ እንዲሰጥ አድርገዋል።

ሉዊዚያና እ.ኤ.አ. በ1956 ጥቁርና ነጭ ሙዚቀኞች በአንድ መድረክ እንዳይጫወቱ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ነጮችና ጥቁሮች አብረው የሚሠሩበትን ባንድ ይመራ የነበረው አርምስትሮንግ በትውልድ ከተማው መጫወቱን አቆመ። ዳግም የተመለሰው የአገሪቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ከፀደቀ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1965 ነበር።

በዚህ ጊዜ ግን ያደገበት ሰፈር ፈርሶ ነበር። በስፍራው አዲሱ የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት በ1957 ተመርቆ ሥራ ጀምሯል፤ የተወለደባት ቤትም በ1964 ፈርሳለች። በአንፃሩ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1971 ያረፈበት የኒው ዮርክ መኖሪያ ቤቱ በ2003 ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ ተከፍቷል።

ከልጅነት ዘመኑ ጋር የተያያዙ ጥቂት ሕንፃዎች በደቡብ ራምፓርት ጎዳና ተርፈው ቆይተዋል። ከእነዚህ አንዱ የካርኖፍስኪ ቤተሰብ የልብስ ስፌት መደብር ሲሆን፣ በ2002 በብሔራዊ የታሪካዊ ስፍራዎች መዝገብ ሰፍሮ ነበር። ሆኖም ለረጅም ጊዜ ያለ አገልግሎት ከመቆየቱ የተነሳ በኦገስት 2021 አይዳ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታው ፈራርሷል። በዚያው ጎዳና የሚገኙት የኢግል ሳሎንና የኢሮኮይ ቴአትር ሕንፃዎች ግን ከአደጋው ተርፈዋል።

የመደብሩ ዕጣ እንደሚያሳየው፣ ቅርስ በመዝገብ መስፈሩ ብቻውን ከመፍረስ አያድነውም። የታላላቅ ሰዎችን ስም በአደባባይ ማኖር ተገቢ የመሆኑን ያህል፣ ያፈሯቸውን ሰፈሮች በወቅቱ መጠገንና መንከባከብም የከተማ አስተዳደር ኃላፊነት ነው።