አቡነ ኢየሱስ ሞዓ፦ የሐይቅ እስጢፋኖስ መምህርና የመዝገብ ጠባቂ

በደሴ ከተማ ሆጤ አካባቢ የሚኖር ሰው ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ የሐይቅን ከተማና ከተማዋ ስሟን ያገኘችበትን ሐይቅ ያገኛል። ከዳርቻው ወደ ውሃው ዘልቃ በገባች መሬት ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ዛሬ ወደ ገዳሙ በእግር ይደረሳል። ገዳሙን ያቀኑት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ግን የኖሩት በደሴት ላይ ነው። የእኚህ አባት ሕይወት የአንድ መምህር ታሪክ ከመሆኑም በላይ፣ በጽሑፍ ተጠብቆ የቆየ መዝገብ የአገርን ውሃ፣ ደንና እንስሳት የረጅም ዘመን ለውጥ ለማወቅ እንዴት እንደሚያገለግል ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከአዋጁ ዓመት በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1214 ገደማ በዳህና ምድር ተወለዱ። ገድላቸው እንደሚተርከው በሠላሳ ዓመት ዕድሜያቸው ወደ ደብረ ዳሞ ሄደው በአባ ዮሐኒ እጅ መነኮሱ፤ በዚያም ሰባት ዓመት በትምህርት፣ በጸሎትና መጻሕፍትን በመገልበጥ አሳለፉ። መጽሐፍ መገልበጥ በዚያ ዘመን ቀላል ሥራ አልነበረም። ብራናውን ከቆዳ ማዘጋጀት፣ ቀለሙን መበጥበጥ፣ ብዕሩን መቅረጽና ቃሉን ሳያዛንፉ ማስፈር ትዕግሥትንና ጥንቃቄን ይጠይቃል። በደብረ ዳሞ የተማሩት ይህ ሥርዓት በኋላ ዘመናቸው ሁሉ አብሯቸው ኖሯል።

የሐይቅ ትምህርት ቤት

በ1248 ገደማ ወደ ሐይቅ መጡ። በደሴቱ ላይ ከእርሳቸው በፊት የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። እርሳቸው በዙሪያው የምንኩስና ሥርዓት አቁመው ደሴቱን የትምህርት ማዕከል አደረጉት። ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጡ ወጣቶች ንባብን፣ የመጻሕፍትን ትርጓሜና ጽሕፈትን ተማሩ። ከደቀ መዛሙርታቸው መካከል በኋላ የደብረ ሊባኖስን ገዳም የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት እጅግ የታወቁት ናቸው። በጣና ሐይቅ የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም ያቀኑት አባ ኂሩተ አምላክም ከሐይቅ እንደወጡ በትውፊት ይነገራል። በ1270 ዐፄ ይኩኖ አምላክ ሲነግሡ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ድጋፍ እንደሰጧቸው ትውፊት ያስረዳል። ከዚያ በኋላ የሐይቅ አበምኔቶች ዐቃቤ ሰዓት በሚል ማዕርግ በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ስፍራ አግኝተዋል።

የወንጌሉ መዝገብ

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ካበረከቷቸው ቅርሶች ሁሉ የሚበልጠው በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈው የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የእርሳቸውን ሥዕል ይዟል። በባዶ ገጾቹና በኅዳጎቹ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር፣ ስጦታዎችና የመሬት ጉዳዮች ሰፍረውበታል። እነዚህን ማስታወሻዎች የጻፉት ሰዎች ዓላማቸው የገዳሙ ንብረት እንዳይጠፋና መብቱ እንዳይዘነጋ ነበር። ዛሬ ግን የታሪክ ተመራማሪዎች የዚያን ዘመን ሰዎች ምን እንዳነበቡና ምድሩ በማን እጅ እንደነበረ የሚያውቁት ከእነርሱ ነው። መጽሐፉ በሃያኛው ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በቁጥር 1832 ተመዝግቦ ቅጂው ለተመራማሪዎች ክፍት ሆኗል።

ደሴቱ፣ ጉማሬውና ውሃው

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1290ዎቹ መጀመሪያ ዐረፉ፤ መታሰቢያቸውም ኅዳር 26 ቀን ይከበራል። ከእርሳቸው በኋላ ወደ ገዳሙ የመጡና ስለ ገዳሙ የጻፉ ሰዎች ሐይቁንም ሳያውቁት መዘገቡት። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ገዳሙ በደሴት ላይ እንደነበረ ጽፏል፤ በሐይቁ ውስጥ ጉማሬ እንደሚኖርም የአገሩን ስም ጠቅሶ መዝግቧል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢማም አሕመድ ኢብራሂምን ዘመቻ የጻፈው አረብ ፈቂህ ሠራዊቱ ወደ ደሴቱ ለመድረስ ታንኳ መሥራት እንዳስፈለገው ተርኳል። አንዱ ክርስቲያን፣ ሌላው ሙስሊም፤ አንዱ እንግዳ፣ ሌላው የዘመቻው ታሪክ ጸሐፊ ናቸው። በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ ገዳሙ በውሃ የተከበበ ነበር።

ዛሬ ገዳሙ ከየብስ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሐይቁም በጉማሬ አይታወቅም። እነዚህ የቆዩ ጽሑፎች ባይኖሩ ኖሮ የዛሬው ሰው ሐይቁ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ይመስለው ነበር። ለውጥ የሚታወቀው የቀድሞው ሁኔታ ሲታወቅ ብቻ ነውና።

ደለሉ የያዘው መዝገብ

ሐይቁ ራሱም መዝገብ አለው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል፤ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። በየዓመቱ ከተራራው የሚታጠበው አፈር፣ የዕፅዋት ብናኝና የእሳት ከሰል ወደ ታች ሰጥሞ በንብርብር ይቀመጣል። ተመራማሪዎች ከሐይቅና ከጎረቤቱ ከሐርዲቦ ሐይቅ የደለል ናሙና አውጥተው የ3000 ዓመት የዕፅዋት ታሪክ አንብበዋል። እንደ ጥናቱ የዝግባና የጽድ ደን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ገደማ ለእርሻና ለግጦሽ ተመነጠረ። በቦታው ክትክታና ሣር ለረጅም ዘመን ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 የጽድ ደን ከወይራ ጋር እንደገና አገገመ፤ ባለፉት 300 ዓመታት ግን ምንጣሮና የአፈር መከላት በረቱ።

ስለዚህ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በደሴቱ ላይ ሲያስተምሩ በዙሪያው ያለው ተራራ ጥቅጥቅ ያለ ደን ሳይሆን በአብዛኛው ክትክታና ሣር የለበሰ እንደነበር መረዳት ይቻላል። የቀደመው ዘመን ሁሉ በደን የተሸፈነ ነበር የሚለው ልማዳዊ አስተሳሰብ በዚህ መዝገብ ይታረማል። ከዚህ የሚበልጥ ቁም ነገርም አለ፤ ደኑ አንድ ጊዜ ከጠፋ በኋላ ተመልሶ ነበር።

በደለሉ ውስጥ ያለው ነጭ የካርቦኔት ማዕድንም የኦክስጅንና የካርቦን ልዩ ልዩ ዓይነቶችን ሚዛን ጠብቆ ይዟል። ድርቅ ሲሆንና ውሃው በትነት ሲቀንስ ይህ ሚዛን ይለወጣል፤ በመሆኑም የደረቁና የረጠቡ ዘመናት ከእርሱ ይታወቃሉ።

ከባሕር የሚገኝ ትምህርት

በዓለም ውቅያኖሶች ላይም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከ1872 እስከ 1876 በውቅያኖሶች ተዘዋውራ የለካችው የውሃ ሙቀት ዛሬ ከሚለካው ጋር ተነጻጽሮ የባሕሩን መሞቅ አሳይቷል። ከ1931 ጀምሮ በሰሜን አትላንቲክ በንግድ መርከቦች እየተጎተተ ጥቃቅን የባሕር ሕይወትን የሚሰበስብ መሣሪያ ያጠራቀመው ናሙናም የባሕር ሕይወት ወደ ቀዝቃዛው ሰሜን እየሸሸ መሆኑን መስክሯል። የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው የካርቦን ጋዝ ሩብ ያህሉን የሚቀበለው ውቅያኖስ ነው። ይህን ለውጥ ለመመዘን የቀደሙት ሰዎች ለሌላ ጉዳይ የጻፉት መዝገብ መነሻ ሆኗል።

ለሐይቅም እንዲሁ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተደረገ ጥናት ውሃው እጅግ ጥርት ያለ እንደነበር መዝግቧል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የቆሮሶ ዓሣ ወደ ሐይቁ ገባ። ከዚያ በኋላ የተደረገ ጥናት ውሃው ጥራቱን ቀንሶ በዋቅላሚ መበልጸጉን አሳየ። ዓሣው ለአካባቢው ሕዝብ ምግብና ገቢ ሆኗል፤ በውሃው ላይ የመጣው ለውጥ መጠን ግን ሊታወቅ የቻለው የፊተኛው መለኪያ ተጽፎ ስለቆየ ነው።

ለዛሬው ትውልድ

በየቤተ እምነቱ፣ በየትምህርት ቤቱና በየቤተሰቡ የሚገኙ የቆዩ ጽሑፎች፣ ፎቶግራፎች፣ የዝናብና የመከር ማስታወሻዎች ተመሳሳይ ጥቅም አላቸው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ የሚገኝ ሰው የመጠበቅ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። በሐይቅ ዳርቻ የሚያርሰው ገበሬ፣ ዓሣ አስጋሪውና ውሃውን የሚጠጣው ነዋሪ የነገ ኑሯቸው ሐይቁ በሚሆነው ላይ የተመሠረተ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስጻፉት ወንጌል ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ጦርነትንና ዝናብን አልፎ የደረሰው በየዘመኑ የጠበቁት ሰዎች ስለነበሩ ነው። ዛሬ የሚጻፈው መዝገብም ለሚመጣው ትውልድ የሚደርሰው በዚያው ዓይነት ጥበቃ ነው።