የሐሳብ ሚዛን፦ የአንጀሎ ሞሶ የሕይወት ታሪክ

በደብረ ታቦር የኢየሱስ ደወል ሲደወል መንገደኛው ቆም ብሎ ያማትባል፤ ወደ ገበያ የሚሄደውም ጭነቱን እንደ ተሸከመ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። በዚያች ቅጽበት በሰውየው አንጎል ውስጥ የሚለወጥ ነገር አለን? ቢኖርስ ሊለካ ይችላልን? ይህንኑ ጥያቄ በኢጣልያ አገር አንድ የሳይንስ ሰው በአንድ ገበሬና በአንድ ደወል መርምሮታል። ስሙ አንጀሎ ሞሶ ይባላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሞሶ በ1846 በቶሪኖ ተወለደ፤ ያደገው ግን በአቅራቢያዋ በምትገኘው በኪዬሪ ነው። አባቱ በአናጢነት የሚተዳደር ድኻ ሰው ነበርና ልጁ ከመጽሐፍ ጋር መጋዝና መዶሻም እየያዘ አደገ። በ1870 በቶሪኖ የሕክምና ትምህርቱን ፈጸመ። ከዚያም በፍሎሬንስ ከሞሪትስ ሺፍ፣ በላይፕሲክ ከካርል ሉድቪግ ዘንድ ፊዚዮሎጂ ተማረ። በ1879 በቶሪኖ ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ።

በ1870ዎቹ መጨረሻ አንድ ገበሬ ከላይ በወደቀ ጡብ ተመትቶ የራስ ቅሉ ተሰበረ። ቁስሉ እየዳነ ሳለ በተሰበረው አጥንት በኩል የአንጎሉ ትርታ ይታይ ነበር። ሞሶ ትርታውን በወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ በቀዳዳው ላይ አኖረ። የቀትር ደወል በተሰማ ጊዜ ሰውየው ሳይንቀሳቀስ የአንጎሉ ትርታ ከፍ አለ። ሞሶ ጸሎቱን አስቦ እንደ ሆነ ቢጠይቀው ትርታው እንደ ገና ጨመረ፤ ገበሬውም ማሰቡን አመነ። ቁጥር እንዲያባዛ በታዘዘ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። በክንዱ ላይ የተደረገው መለኪያ ግን ያን ያህል ለውጥ አላሳየም። ከዚህ የተነሣ ሞሶ ሐሳብ በነቃበት ቦታ ደም ይከተላል ወደሚል ፍርድ ደረሰ።

ይሁን እንጂ ቅሉ የተሰበረ ሰው እየፈለጉ መመራመር አይቻልም። ስለዚህ በ1880ዎቹ መጀመሪያ አልጋ የመሰለ የእንጨት ሚዛን አሠራ። ሰውየው በጀርባው ይተኛበታል፤ ራስጌውና ግርጌው እኩል እስኪሆኑ ድረስ በክብደት ይስተካከላል፤ ደሙም እስኪረጋ ዝም ብሎ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ድምፅ ሲሰማ ወይም አእምሮው በሥራ ሲጠመድ ሚዛኑ ወደ ራስጌ ያዘነብላል። ችግሩ ትንፋሽ ነበር፤ ደረት ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ሚዛኑ ይወዛወዛል። ሞሶም ውዝዋዜውን የሚያበርድ ከባድ ክብደት ጨመረበት፤ የተኛውን ሰው ትንፋሽ፣ የእጁንና የእግሩንም የደም መጠን ለየብቻ መዘገበ። የመሣሪያውን ጉድለት አልደበቀም፤ እንዲያውም ጉድለቱን ራሱን ለካው።

በ1884 ስለ ፍርሃት፣ በ1891 ስለ ድካም የጻፋቸው መጻሕፍት ስሙን ከአገሩ ውጭ አስጠሩት። በ1894 ወታደሮች አስከትሎ ወደ ሞንቴ ሮዛ ወጣና በ4,554 ሜትር ከፍታ ላይ ኦክሲጅኑ ያነሰ አየር በሰው አካል ላይ የሚያደርገውን መረመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ አገሩ በዐድዋ ጦሯን እንዳስመታች አንረሳም፤ ነገር ግን ምርምሩ ከማንም ይልቅ የደጋ ሰው ለሆነው ለእኛ የቀረበ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ፣ የጉና ጫፍም ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ሞሶ ለጥቂት ጊዜ የጎበኘውን አየር በጉና ተዳፋት ገብስ የሚዘራው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይተነፍሰዋል። ሞሶ በ1904 የምክር ቤት አባል ሆኖ ተሾመ፤ በ1910 ዐረፈ።

አጥንት ሳይሰበር የአንጎልን ደም ማየት ሞሶ ያልደረሰበት ነገር ነበር። በ1977 በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ፍራንስ ዮብሲስ መንገዱን አሳየ። ነገሩ የጀመረው ራት ላይ ነው፤ ከሥጋ የተላቀቀ ስስ አጥንት ወደ መብራት ቢያነሣ ቀይ ብርሃን ሲያልፍበት አየ። ከቀይ ቀጥሎ ያለው፣ ዓይን የማያየው ብርሃን ቆዳንና አጥንትን ይዘልቃል። ኦክሲጅን የያዘ ደምና ኦክሲጅኑን የሰጠ ደም ይህን ብርሃን የሚውጡት በተለያየ መጠን ነው። ስለዚህ በግንባር ላይ መብራት፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ደግሞ ብርሃን ተቀባይ ቢደረግ፣ በአንጎል የላይኛው ክፍል ያለው ደም ሲለዋወጥ ይታያል። ሰውየው ቁጭ ብሎ እያነበበ ወይም ሒሳብ እየሠራ ሊለካ ይችላል። ነገር ግን የሚለካው የደሙ ለውጥ እንጂ የሐሳቡ ይዘት አይደለም፤ መሣሪያው ጸሎትን ከማባዛት አይለይም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፣ ለእኛ ዋናው ነገር ከዚህ ላይ ይጀምራል። የጠቆረ ቆዳና ጥቅጥቅ ያለ ከርዳዳ ጠጉር ከዚህ ብርሃን ብዙውን ይውጣሉ። በጣት ላይ የሚደረገው የደም ኦክሲጅን መለኪያም የብርሃን መሣሪያ ነው፤ በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በጥቁር ሕሙማን ላይ የኦክሲጅንን ማነስ ከነጮቹ ይልቅ ደጋግሞ እንደሚስተው አመለከተ። በሰሜን ተራሮች፣ በአምባራስ፣ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን የመረመረና በ2002 የታተመ ጥናት የደማቸው ኦክሲጅን በአማካይ 95.3 በመቶ መሆኑን ገልጿል። ይህ በቆላ ከሚኖር ሰው የማይተናነስ አስደናቂ ቁጥር ነው። የተለካው ግን በዚያው ዓይነት የጣት መሣሪያ ስለ ሆነ፣ በሌላም መንገድ ደግሞ መመርመሩ የሚጠቅም እንጂ የሚጎዳ አይደለም።

ሌላው ሠርቶ በሌላው አካል ላይ የሞከረውን መለኪያ እንዳለ የተቀበለ ሰው፣ ስለ ራሱ የሚነገረውንም ቁጥር እንዳለ ይቀበላል። የአናጢው ልጅ ከእንጨት በተሠራ ሚዛን ጀመረ፤ ቁጥሩን ከማመኑ በፊትም የሚዛኑን ውዝዋዜ መረመረ። በጉና ሥር ያለው ገበሬ ደወል ሲሰማ አንጎሉ የሚያደርገውን በትክክል የሚያውቅልን፣ መለኪያውን በእኛው ቆዳና በእኛው ጠጉር ላይ የፈተነ ሰው ነው። ያ ሰው ከእኛ መካከል ቢነሣ ምንኛ ባማረ!