ሕመምን ሲታገሉ የኖሩ ሐኪም
የዶክቶር ጆን ቦኒካ የሕይወት ታሪክ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ አባቶቻችን አስተምረውናል። ነገር ግን ሕመሙን ሳይደብቅ ለሐኪም ሁሉ እየተናገረ፥ ቁስልህ ድኗል፤ አጥንትህም ገጥሟል፤ ምንም የለብህም እየተባለ የሚመለስ ሰው ምን ያድርግ? ዛሬ ታሪካቸውን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርብላቸው ዶክቶር ጆን ቦኒካ ዕድሜያቸውን የፈጁት ለዚህ ጥያቄ መልስ በመፈለግ ነው።

ቦኒካ በ1917 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሲሲልያ አጠገብ በምትገኘው ፊሊኩዲ በተባለች ትንሽ የኢጣልያ ደሴት ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ቤተ ሰባቸው ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኒው ዮርክ ከተማ፥ ብሩክሊን በተባለው ሰፈር ተቀመጠ። በ1932 ዓ.ም. አባታቸው ስለ ሞቱ የቤቱ ችግር በወጣቱ ትከሻ ላይ ወደቀ። ጫማ እየጠረጉና ጋዜጣ እየሸጡ ቤተ ሰባቸውን ሲረዱ ትምህርታቸውን አላቋረጡም። ጉልበታም ስለ ነበሩም የትግል ስፖርት ተምረው፥ አንድ ጊዜ በሐሰት ስም፥ ኋላም ፊታቸውን በጭምብል ሸፍነው፥ በገንዘብ ይታገሉ ነበር። በዚህ ዓይነት የትምህርታቸውን ወጪ ችለው በ1942 ዓ.ም. ከማርኬት ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ።

ከዚህ በኋላ የደረሰባቸው ነገር የሥራቸውን መንገድ ወሰነው። በ1943 ዓ.ም. ባለቤታቸው ኤማ የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲወልዱ፥ ልምድ የሌለው ሐኪም ኤተር በተባለው መድኃኒት ሲያደነዝዛቸው ትንፋሻቸው ታፍኖ ለሞት ተቃረቡ። ቦኒካ ራሳቸው ደርሰው አዳኑአቸው። ከዚያ ወዲህ ማደንዘዣን በሚገባ ማወቅና የወላዶችን ሥቃይ ያለ አደጋ ማስታገስ ዋና ዓላማቸው ሆነ።

በ1944 ዓ.ም. በዋሽንግተን ግዛት በሚገኘው ማዲጋን በተባለው የጦር ሠራዊት ሆስፒታል የማደንዘዣ ክፍል ሹም ሆኑ። በዚያም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ቁስለኞች በብዛት ተኝተው ነበር። ከነዚህም ውስጥ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ክንዱ እንደ እሳት የሚያቃጥለው፥ እግሩ ተቆርጦ ሳለ በሌለው እግሩ የሚሠቃይ ወታደር ይገኝ ነበር። ቦኒካ መጻሕፍትን ቢመረምሩ ስለ ሕመም የተጻፈው እጅግ ጥቂት ሆኖ አገኙት። በሽተኛውን አንድ ጊዜ ወደ ነርቭ ሐኪም፥ አንድ ጊዜ ወደ አጥንት ሐኪም፥ አንድ ጊዜም ወደ አእምሮ ሐኪም ይልኩት ጀመር። ሁሉም በየበኩላቸው አስተያየታቸውን ጽፈው ይመልሳሉ፤ በሽተኛው ግን ሕመሙን እንደ ያዘ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ቦኒካ ጉድለቱ ከመላኩ ላይ ሳይሆን ተቀባዮቹ ተለያይተው ከመሥራታቸው ላይ መሆኑን ተረዱ። ስለዚህ ሐኪሞቹን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስበው ስለ አንዱ በሽተኛ በአንድነት እንዲመክሩ አደረጉ።

ከጦሩ ከወጡ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ይህንኑ አሠራር ታኮማ ወደ ተባለው ከተማ ሆስፒታል አዛወሩት። በ1953 ዓ.ም. ስለ ሕመም አያያዝ የጻፉትን፥ ከ1,500 ገጽ የሚበልጠውን ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1960 ዓ.ም. ወደ ሲያትል ተጠርተው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን የማደንዘዣ ትምህርት ክፍል በኃላፊነት ያዙ፤ በዚያም ከአንድ የነርቭ ኦፕራሲዮን ሐኪምና ከአንዲት ነርስ ጋራ ሆነው የሕመም ክሊኒክ አቋቋሙ። በ1973 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሊቃውንትን ሰበሰቡ፤ ከዚህም ጉባኤ ዓለም አቀፍ የሕመም ጥናት ማኅበር ተመሠረተ።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ሌላ ነገር ነው። እኒህ የሕመም ሐኪም ራሳቸው በሽተኛ ነበሩ። የትግሉ ዘመን መገጣጠሚያቸውን ሰባብሮት ስለ ነበር ደጋግመው ኦፕራሲዮን ተደረጉ፤ ሥቃዩም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለያቸውም። ሥር የሰደደ ሕመም ሁልጊዜ ተነቅሎ እንደማይጠፋ፥ ነገር ግን ሰው ሥራውንና ኑሮውን ይዞ ሊቆም እንደሚችል በራሳቸው ሕይወት አሳዩ። ባለቤታቸው ኤማ ባረፉ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፥ በነሐሴ 1994 ዓ.ም. እሳቸውም ዐረፉ።

ሐሳባቸው ግን አብሮአቸው አልተቀበረም። ዛሬ በእንግሊዝ አገር በብዙ ቦታ የሰፈር ሐኪም ሕመሙ የጸናበትን ሰው ደብዳቤ ጽፎ በአቅራቢያው ወዳለው የሕመም አገልግሎት ይልከዋል። እዚያም ነርስ፥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያና የሥነ ልቡና ባለሙያ ተባብረው ይረዱታል፤ መድኃኒቱን ያስተካክሉለታል፥ ሰውነቱን ቀስ በቀስ እንዲያንቀሳቅስ ያለማምዱታል፥ እንቅልፉንና ጭንቀቱንም ይመለከታሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ዓ.ም. ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ ሕመም የራሱ መለያ እንዲኖረው አድርጓል።

ከዚህ ታሪክ ተማሪውም ወጣቱ ሹምም የሚማሩት አለ ብለን እናምናለን። በሽተኛም ሆነ ባለ ጉዳይ ወደ ሌላ ሲላክ ሁለት ዓይነት መላክ አለ። አንደኛው ከራስ ላይ ማራገፍ ነው፤ ይህ ሰውን ከደጅ ወደ ደጅ ያንከራትታል። ሁለተኛው የሰውየውን ቃል አምኖ፥ ታሪኩን በሚገባ ጽፎ፥ ተባብረው ለሚሠሩ ሰዎች አደራ መስጠት ነው። ቦኒካ ሃምሳ ዓመት ያህል የደከሙት የመጀመሪያው ቀርቶ ሁለተኛው እንዲለመድ ነበር።