የባሕር ላሟን ያየው ሐኪም፦ ጌኦርግ ሽቴለር (1709-1746)

ሳይቤርያንና አላስካን የሚለየው የቤሪንግ ባሕር ለአርክቲክ ውቅያኖስ እንደ ደጃፍ ነው። ዛሬ ዓሣ ነባሪና የባሕር ወፍ ለማየት የሚሹ ጎብኚዎች በትንንሽ መርከብ ይሄዱበታል። ሽቴለር በሄደበት ዘመን ግን ነገሩ የሞት ሽረት ነበር።

ጌኦርግ ቪልሄልም ሽቴለር በ1709 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀርመን አገር ቪንድስሃይም ከተማ ተወለደ። መጀመሪያ ሃይማኖት ተማረ፤ ልቡ ግን ወደ ሕክምናና ወደ ዕፀዋት ጥናት አዘነበለ። በ1734 ወደ ሩስያ ገባ፤ ኋላም ሳይቤርያን አቋርጦ ካምቻትካ ደረሰ። በ1741 ቪቱስ ቤሪንግ በሚያዛት «ቅዱስ ጴጥሮስ» በተባለች መርከብ ተሳፈረ። መርከቧ ርዝመቷ 30 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከ70 በላይ ሰው ታጭቆባታል።

አላስካ አጠገብ ካያክ ደሴት ሲደርሱ ለጥናት የተፈቀደለት አሥር ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። ሰውዬው ለዚህች ቀን ስንት ዓመት ደክሟል! ሆኖም ዕፀዋት ለቀመ፤ ረዳቱ አንድ ጉትዬ ያለው ሰማያዊ ወፍ ገድሎ አመጣለት። ቀድሞ በመጽሐፍ ያየው የአሜሪካ ወፍ ሥዕል ትዝ አለውና የረገጠው መሬት አሜሪካ መሆኑን አወቀ።

በመልስ ጉዞ፣ አትክልት በማጣት የሚመጣው ስከርቪ የሚባለው በሽታ የመርከበኞቹን ድድ እያደማ ጣላቸው። ሽቴለር ቅጠል የሚለቅም ሰው ስጡኝ ቢል መኮንኖቹ ናቁት። (እሱም ቢሆን ምላሱ ስለታም ነበር።) በመጨረሻ ማዕበል መርከቧን ሰው በሌለበት ደሴት ዳርቻ ጣላት። ቤሪንግ እዚያው ሞተ፤ ደሴቷም በስሙ ተጠራች። የቀሩት አሸዋ ቆፍረው ተጠለሉ። አሁን ቅጠሉን የናቀ አልነበረም፤ 46 ሰዎች ተረፉ።

በዚያች ደሴት ዳር የባሕር ላም አገኘ። ርዝመቷ እስከ 8 ሜትር፣ ቆዳዋ እንደ ዛፍ ቅርፊት፣ ጥርስ የሌላት፣ የባሕር ሣር የምትግጥ፣ ሰው የማትፈራ እንስሳ ናት። አንዷ ስትወጋ ሌሎቹ ሊያስጥሏት ይሞክሩ ነበር። ሽቴለር ሥጋዋን ከሌሎቹ ጋር በላ፤ ግን ደግሞ በ1742 አንዲቱን በልቶ ከመጨረስ በፊት ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ለካ፣ አንጀቷን ሳይቀር መረመረ። ረዳቶቹን የሚያሠራው ትምባሆ እየከፈለ ነው። ቀበሮዎቹም ጉድ ናቸው፤ እሱ ሲለካ እነሱ ዕቃውን እየሰረቁ ይሮጣሉ።

ከተሰበረችው መርከብ እንጨት 12 ሜትር ያህል የምትሆን ጀልባ ሠርተው በዚያው ዓመት ተመለሱ። ለ46 ሰው ጠባብ ስለነበረች ሽቴለር የሰበሰበውን አብዛኛውን ትቶ ማስታወሻውን ያዘ። በ1746 ወደ ፒተርስበርግ ሲመለስ ትዩሜን ከተማ ላይ ታሞ በ37 ዓመቱ አረፈ። ስለ ባሕር እንስሳት የጻፈው መጽሐፍ የታተመው በ1751 ነው።

የተረፉት መርከበኞች ያመጡትን የኦተር ቆዳ ያዩ አዳኞች ወደ ደሴቶቹ ጎረፉ፤ ስንቃቸውም የባሕር ላም ሥጋ ሆነ። የመጨረሻዋ ተገደለች የሚባለው በ1768 ነው፤ ሽቴለር ካያት 27 ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም። አጽሟ ሄልሲንኪ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። በሕይወት ሳለች ያያት የተፈጥሮ ሳይንስ ሊቅ ግን ሽቴለር ብቻ ነበር፤ እንዴት እንደምትግጥና ግልገሏን እንዴት መሐል አድርጋ እንደምትጠብቅ የሚነግረን ያ ማስታወሻ ነው።