ቄስ ሮበርት ስተርሊንግና በትኩስ ሻይ የምትዞረው መኪና

ትኩስ ሻይ በተቀዳበት ስኒ አፍ ላይ ሲያኖሯት ያለ ሌላ እሳት መንኰራኵሯን የምታዞር ትንሽ መኪና አለች። የታችኛው ሰሌዳዋ በሻዩ ትኩሳት ይሞቃል፤ የላይኛውን ግን የቤቱ አየር ያቀዘቅዘዋል። በሁለቱ መካከል የተዘጋው አየር ሲሞቅ እየሰፋ፥ ሲቀዘቅዝም እየጠበበ ገፊውን ብረት ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ይህን ጥበብ አስቀድመው ያገኙት የስኮትላንዱ ቄስ ሮበርት ስተርሊንግ ናቸው።

ስተርሊንግ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1790 ዓ.ም. በሜትቨን አጠገብ ተወለዱ። የነፍስ መምህር ሆነው ሳሉ ስለ ብረት ማሰባቸው ያስደንቅ ይሆናል፤ ነገር ግን አያታቸው የእህል መውቂያ መኪና የሠሩ ገበሬ ነበሩ። በ1816 ዓ.ም. ለኪልማርኖክ ቤተ ክርስቲያን በተሾሙ በሁለት ሳምንት ውስጥ የአየር መኪናቸው መብት እንዲጠበቅላቸው ለመንግሥት አመለከቱ።

በዚያ ዘመን የፋብሪካ ኃይል እንፋሎት ነበረ፤ የውሃ ማፍያውም ጋን አንዳንድ ጊዜ እየፈነዳ ሠራተኞችን ይገድል ነበር። የቄሱ መኪና ግን የሚፈላ ውሃ አያሻትም። ደግሞም በውስጧ የሙቀት ማጠራቀሚያ አኖሩ፤ አየሩ ሲያልፍ ሙቀቱን በዚያ ትቶ ይሄዳል፥ ሲመለስም ይወስደዋል፤ ስለዚህ ከሰል ይቈጥባል። ከሥራቸው ሁሉ ብልሃቱ የሚበልጠው ይህ ነው።

በ1818 ዓ.ም. አንዲት መኪና ከድንጋይ መፍለጫ ጕድጓድ ውሃ ቀዳች። ቄሱ በ1824 ዓ.ም. ወደ ጋልስተን ከተዛወሩ በኋላ መሐንዲስ ከነበረው ወንድማቸው ከጄምስ ጋር እያሻሻሏት፥ በ1843 ዓ.ም. በዳንዲ ከተማ የብረት ማቅለጫውን ፋብሪካ ታንቀሳቅስ ጀመር። ነገር ግን ሌትና ቀን እሳት የሚልሰው ብረት ተቃጥሎ ተበሳ፤ ቢለውጡትም ያው ሆነ። በ1847 ዓ.ም. ባለ ፋብሪካዎቹ ትተዋት ወደ እንፋሎት ተመለሱ። ያን ያህል ዓመት የደከሙበት ሥራ በብረት ድካም ቀረ።

ቄሱ ግን ምእመናናቸውን ማገልገል አላቋረጡም። በ1876 ዓ.ም.፥ ሸምግለው ሳሉ፥ ቤሰመር ያወጣው ጠንካራ ብረት ቀድሞ ተገኝቶ ቢሆን መኪናቸው በጸናች ነበር ብለው ጻፉ። በ1878 ዓ.ም. በ87 ዓመታቸው በጋልስተን ዐረፉ።

ከ105 ዓመት በኋላ፥ በ1983 ዓ.ም.፥ የዛግሬብ ሊቅ ኢቮ ኮሊን ከሚፈላ ውሃ ባነሰ ትኩሳት የምትዞር የአየር መኪና ለሊቃውንት አሳየ። ሌሎችም ከእርሱ ተቀብለው እያሳነሱና እያቀለሉ ለስኒ አበቋት፤ በዚህች መኪና ውስጥ ብረት የሚበሳ እሳት የለም።