ዑመር (ረ.ዐ) እና የኩፋ ሰዎች አቤቱታ

የዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ቁጣቸውና አለንጋቸው ነው። ከ13 እስከ 23 ዓመተ ሂጅራ (634-644 እ.ኤ.አ.) በመሩበት ዘመን ግን ከአለንጋቸው ይልቅ ጆሯቸው ብዙ ሠርቷል። በሐጅ ወቅት የየአገሩን ሹማምንት እየሰበሰቡ፣ ሕዝቡ በደሉን ፊት ለፊት እንዲናገር ያደርጉ ነበር።

ከሁሉ የከበደው የኩፋ ጉዳይ ነው። የከተማይቱ ገዥ ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ነበሩ፤ የቃዲሲያው ጦር መሪ፣ በጀነት ከተበሰሩት 10 ሰሓቦች አንዱ። የኩፋ ሰዎች ግን ሶላት እንኳ አሳምረው አያሰግዱም ብለው ከሰሷቸው! እንዲህ ያለውን ክስ ማን ይሰማል? ዑመር ሰሙ። ሰዕድን አንስተው ዓማርን (ረ.ዐ) ሾሙ። ሰዕድንም አስጠርተው ጠየቁ፤ የሚያሰግዱት እንደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አሰጋገድ መሆኑን ሲያስረዱ አመኗቸው። ሆኖም በዚህ አላበቁም፤ ወደ ኩፋ አጣሪ ላኩ። አጣሪው አንድም መስጂድ ሳያስቀር በአደባባይ ጠየቀ። ሁሉም ሰዕድን ሲያመሰግን፣ በበኑ ዓብስ መስጂድ ብቻ አንድ ሰው ተነስቶ ወቀሳቸው።

ታዲያ ለምን ወደ ሹመታቸው አልመለሷቸውም? እንደኔ ግምት፣ ልቡ የሻከረን ሕዝብ ንጹሕ ሰውም ቢሆን መምራት ይከብደዋል። የሰዕድን ክብር ግን አልጣሉትም። በ23 ዓመተ ሂጅራ ቆስለው ሞት አፋፍ ላይ ሳሉ፣ ተተኪውን ከሚመርጡት 6 ሰዎች አንዱ አደረጓቸው፤ ከኩፋ ያነሷቸውም በድክመት ወይም በክህደት እንዳልሆነ ተናገሩ። ቀጣዩ ኸሊፋ ዑስማን (ረ.ዐ) ሰዕድን መልሰው ኩፋ ላይ ሾሟቸው።